የዓሣ ቤቱ ሞተር

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማታ
ዛሬም ሾላ። ዛሬም ባዶ እጅ። ማስታወሻዬ፣ የጀልባ ሞተር ዕቃ ፍለጋ ሾላ ገበያ የገባ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔና ጋሽ ባሳ ነን። የእህቴ ባል ነው፣ የቻሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ። ሞተሩን ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ጭኖ እኛ ቤት ካረፈ ሳምንት ሆነው። ሞተሩ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም። ከላይ ደህና ነው፣ ይነሳል። ታች፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ካምቢዮ ውስጥ ግን የማርሾቹ ጥርስ ረግፏል። እንዲህ ያለ አሁን አይመረትም። አንድ የወፍጮ መለዋወጫ ሻጭ የወፍጮ ማርሽ አውጥቶ፣ በሞረድ ነካ ነካ ካደረጋችሁት ይሆናል አለን። ጋሽ ባሳ፣ እኔ የማወጣው ዓሣ እንጂ የምፈጨው ጤፍ የለኝም አለው።
የጋሽ ባሳን ጀልባ የሚፈልግ ገዢ አለ። እስከ እሑድ ይጠብቃል። ጾም ሊገባ ነው፣ ዓሣ የሚፈለግበት ጊዜ። ሞተሩ ካልተሠራ ትሸጣለች። ሸጠህ ምን ትሠራለህ ብለው ሞተሩን በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ተገኘ!
መሪ ሰፈር፣ አንድ ዓሣ ቤት፣ ምሳ ሰዓት። ጋሽ ባሳ የገባው የአዲስ አበባን ዓሣ ሊያማ ነው። ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ብድግ አለ። ግድግዳው ላይ፣ ለጌጥ የተሰቀለ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የጀልባ ሞተር። ቁርጥ የእኛን። ፕሮፔለሩን በእጁ አዞረና ጆሮውን ለጠፈ። ባለቤቷ ወ/ሮ ዘይነባ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ከጓዳ ወጡ።
«አባቴ፣ ዓሣው አልበቃ ብሎህ ግድግዳዬን ልትበላ ነው?»
አይሸጡም። ደንበኛ ቤቱን የሚያውቀው በዚያ ሞተር ነው። እኔ መለማመጥ ጀመርኩ። ጋሽ ባሳ ጭራሽ ዓሣቸውን አማ፤ ይኼ ከውኃ ከወጣ ሰንብቷል አላቸው። ሳቁ። ስለ ቻሞ ጠየቁት፣ ስለ ጀልባዋ። አወራ፣ አወራ። በመጨረሻ፣ ሆዱን ውሰዱ፣ መልኩን ተዉልኝ አሉ። ጾም ሳይገባ ግድግዳው ላይ ይመለሳል። ትኩስ የቻሞ ዓሣ ይላክላቸዋል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ሰፈሩ ቆሻሻ እያጤሰ ነው፣ ዓይኔ ይለበልባል። ሸምሱ ጋራዥ ዋልን፣ እዚሁ ሰፈራችን ፈረንሳይ፣ ዳገቱ ላይ። ሸምሱ የጭነት መኪና ሜካኒክ ነው፣ የጀልባ ሞተር ሲያይ የመጀመሪያው። ፍሬኑ የታለ አለ። የለውም ሲባል፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልሳፈርም አለ። ማርሾቹ አዲስ ይመስላሉ፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ምን ይበላቸዋል። ገቡ። ልክ ናቸው! ባዶው ሞተር ወደ መሪ ተመለሰ።
የት ይሞከር? ውኃ የለም። የእኛ ፈረቃ ነገ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ትልቅ በርሜል ያለው ዕድሩ ብቻ። ዕቃ ጠባቂው አቶ በላቸው፣ ለለቅሶና ለሰርግ ካልሆነ አይወጣም ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ጋሽ ባሳ፣ ጌታዬ፣ ሞተሩ እኮ ከሞተ ሰንብቷል አላቸው። ወጣ።
ጎረቤቱ በጀሪካን ሞላልን። ሞተሩን በርሜሉ ጠርዝ ላይ አሰርነው። ውኃው ወደ ኋላ ይረጫል ብለን ሁላችንም ወደ ጎን ሸሸን። አቶ በላቸው፣ ለንብረቱ ተጠያቂ ነኝ ብለው ከፊት ቆሙ።
ተነሳ። ጭስ፣ ጩኸት፣ ውሾች። ጋሽ ባሳ የማርሹን ማንሻ ወደ ፊት ገፋ። ውኃው ወደ ፊት! አቶ በላቸው እስከ ባርኔጣቸው። ሸምሱ የማንሻውን ዘንግ ገልብጦ ገጥሞታል፤ መኪና መስሎኝ አለ። አቶ በላቸው ፊታቸውን ጠረጉ።
«ለለቅሶ ባወጣው ጥምቀት ሆነብኝ።»
ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ዘንጉ ተስተካከለ። ጎረቤታችን አልማዝ፣ ለልብሴ የሰሰትኩትን ውኃ ለዚህ ቆርቆሮ እያለች ሌላ ጀሪካን ይዛ መጣች። አሁን ውኃው ወደ ኋላ፣ አጥሩን አልፎ። ጋሽ ባሳ አላጠፋውም። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ገዢው ደወለ። ዋጋ ጨመረ። ጋሽ ባሳ፣ ጀልባዋ ሥራ ልትገባ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ነገ አብረኸኝ ቻሞ ውረድ፣ ቀዝፈህ ሳይሆን ተቀምጠህ ትሄዳለህ አለኝ። ዋና አልችልም አልኩት። እኔስ መቼ እችላለሁ አለ። ዕድሜውን ሐይቅ ላይ የጨረሰ ሰው! አዞ ባለበት ዋና ምን ይሠራል አለኝ።
ሚስቴ ሳቋን መያዝ አቃታት።
እሄዳለሁ።