ውርጩና ማንም ያልዘራው አበባ

ኅዳር 8፣ ጧት 1 ሰዓት
ደብተሬ፣ ዛሬም ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት ቡቃያ። ማንም አልዘራቸውም። ባለቤቴ ደስታ ትኮተኩተው የነበረው ብርቱካንማ አበባ አምና ደርቆ፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የተጠማዘዘ ፍሬውን እዚያው አራገፈ። እሷ በመጋቢት አረፈች። ፍሬው መርዶ አልሰማም። ክረምቱን ተኝቶ ጊዜውን ስቶ በጥቅምት መጨረሻ በቀለ።
የልጄ ሚስት የሺ መደቡን ለነጭ ሽንኩርት ትፈልገዋለች። እስከ ጥምቀት ካበበ ይቆይ፣ ካላበበ ትቆፍረው አልኩ። ቃል ሰጠሁ።

ኅዳር 27፣ ማታ
ሰማዩ ጥርት ብሏል። አልወደድኩትም፤ ውርጭ ያመጣል። የሺ ጭድ እናልብሰው አለች። እምቢ አልኩ። ራሱ የበቀለ ራሱን ይቻል።
«አባባ፣ እርስዎ ግን ሁለት ጋቢ ደርበዋል» አለችኝ።
ወደ ቤት ገባሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ጧት 12፡30
ውርጭ። ጓሮው ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። የጉና ተራራ በሩቁ ነጭ ለብሶ ተኝቷል። ፀሐይ እስክትደርስ ቆምኩ። አንዷ ቅጠል ላይ ያለው ነጭ ቀስ እያለ ውሃ ሆነ፣ ተንጠለጠለ፣ ወደቀ። ደስታ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ። አልዞርኩም።
ረፋድ ላይ ቡቃያዎቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቆሩ። ዘጠኙ አለቁ።

ታኅሣሥ 11
የቀሩት ሰባቱ መካከላቸው አረንጓዴ ነው። በጣቴ ገልጬ አየሁ። ቅጠሉ ላይ ጭድ አገኘሁ። የሺን ብጠይቃት ነፋስ ነው አለች። ነፋስ ማታ አልብሶ ጧት አይገፍም። ራሳቸው ቆሙ ወይስ እሷ አቆመቻቸው? አሁን በምን ይታወቃል። መቆጣት ነበረብኝ። ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ከደጃችን እስከ ጉና ብርቱካንማ ነበር፤ ሰው የለበትም፣ ሁሉም ዝም ብሏል።

ጥር 13፣ ጧት
በዓሉ አለፈ። አምስት እንቡጥ። የተከፈተ የለም። ቡጢ እንደ ጨበጡ ናቸው።
የሺ ዶማ ይዛ መደቡ ዳር ቆመች። እኔን ትጠብቃለች።
ቃሌን አጥፌ አላውቅም። አንድ ጊዜ የደስታ እኅት ሰርግ አልሄድም ብዬ፣ ደስታ እያለቀሰች ብትለምነኝም ቀረሁ። ብቻዋን ሄደች።
አትቆፍሪ አልኳት።
«ቃልዎስ?»
አጠፍኩት አልኩ። ዶማውን ተቀበልኳት። ሽንኩርቱ ከአጥሩ ሥር ጌሾው ቦታ ይሁን፤ ጌሾውን እኔ እነቅላለሁ። ፀሐይ ሳትበረታ ልጀምር።