እባክዎ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ይስጡኝ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ በዚህ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሰው ሲታመም ስንት እጅ እንደሚያስፈልገውና ያ እጅ ከየት እንደሚመጣ ከብዙዎች ይልቅ ስለማውቀው፣ ጤናዎን የምመኘው ከአንጀቴ ነው። "ሆስፒታላችን" ማለቴም ድፍረት አይምሰልብኝ፤ ግቢው ውስጥ ከብዙ ቅጥር ሠራተኞች የበለጠ ስለምቆይ አፌ ለምዶብኝ ነው።

እኔ የሕክምና ረዳትነት ትምህርቴን ጨርሼ፣ ፈተናውን አልፌ፣ የሙያ ፈቃድ አውጥቼ፣ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር የማልጠፋ ሰው ነኝ። ፊቴን ባያስታውሱት ጉልበቴን ያስታውሱት ይሆናል፤ ሲያልፉ እንዳያደናቅፍዎ ሁልጊዜ የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የተመረቅኩ ሰሞን ሰማያዊ የሥራ ልብስ ሰፍቶ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ሰቀለልኝ። አቧራ እንዳይጠጣ አልፎ አልፎ ያራግፈዋል። እኔ በሐሳብ እየከሳሁ በሄድኩ ቁጥር ወገቡን ያጠበዋል፤ ትርፉን ጨርቅ ግን አይቆርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋውና "ግድ የለም፣ ሥራ ስትይዢ ትመለሺበታለሽ" ይላል። ያ ልብስ እስከ ዛሬ ከምስማሩ በቀር የለበሰው የለም።

ቁጥር የሌለው ነገር መዝገብ ቤትዎ እንደማይቀበል ስለ ነገሩኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስላወጡት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው ከላይ በደማቁ "አዲስ ተመራቂዎች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ" ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ "በሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራ" ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ባጣ፣ በመስኮቷ በኩል ጸሐፊዎን ጠየቅኳት። እሷም ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ፣ "ማመልከት ትችያለሽ እኮ፤ መቀጠር ነው የማትችይው" አለችኝ። እንዲህ ያለ ቅን መልስ ከመሥሪያ ቤት አግኝቼ አላውቅም። ቅሬታ በዝቶ በሚቀጥለው ዙር "ሁለት ዓመት" የሚለው ተሰርዞ "ሃያ አራት ወር" ተብሎ ሲወጣም፣ አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅተም አርፎበት አየሁት። አሮጌው ማስታወቂያ ግን የሰሌዳው ቁልፍ ስለ ጠፋ ከመስታወቱ ኋላ እስካሁን እንደ ተለጠፈ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እያነበብኩ ብዙ ረፋድ አሳልፌአለሁ።

ሁለተኛ፦ ያለ ደመወዝ ላገልግል ብዬ ያስገባሁትን ማመልከቻ በጥንቃቄ ስለ መረመሩልኝ አመሰግናለሁ። "ልምድ የሌለው ሰው በነጻም ቢሆን ሕመምተኛ አይነካም" የሚለው መልስዎ ለሕመምተኛው ያለዎትን ርኅራኄ ያሳያል። ልምድ የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራውም የሚገኘው ከልምድ ነው። በሩ ከውስጥ በተቆለፈ፣ ቁልፉም ውስጥ በቀረ ቤት ደጃፍ የቆመች ሰው ምን ታድርግ ለሚለው ግን መልስ አላገኘሁም፤ የወረቀቱ ጥበት ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ምስጋና ስለ አስታማሚ ካርድ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ። አጎቴ ከመሰላል ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ እዚሁ ሆስፒታል ሲተኛ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ሥራ የሌላት እኔ ነኛ። በሩ ላይ ዘበኛው "አስታማሚ ነሽ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "ምኑ ነሽ?" አለኝ። "የወንድሙ ልጅ" አልኩት። ቢጫ ካርድ ሰጥቶ አስገባኝ። የትምህርት ማስረጃ አልጠየቀኝም፤ ልምድሽስ አላለኝም። እግሬ እስኪቀጥን የተመላለስኩበት በር በዝምድና ብርግድ አለ።

ዋርዱ ውስጥ ያለውን ሥራ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል ብዬ መገመት ይገባኛል። ግራና ቀኝ የተደረደሩትን አልጋዎች ሁሉ የሚያዩት ሁለት ነርሶች ናቸው፤ እነሱም ሰው ናቸው። የቀረውን የሚሠራው አስታማሚው ነው፤ የሚያጥበው እሱ፣ ፖፖ የሚያቀርበው እሱ፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ እየሮጠ የሚጣራው እሱ ነው። የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር የአጎቴን የልብ ምት ስቆጥር ደረሰችብኝ። እጄን ጥቂት አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ የግፊት መለኪያውን ሰጠችኝ። "በናትሽ ይሄን የአልጋ መስመር ጨርሺልኝ" አለችኝ። ጨረስኩላት። ከዚያ ቀን ወዲህም ስጨርስላት ኖርኩ።

አጎቴ ድኖ የወጣ ዕለት አለቀስኩ። ዘመድ ሁሉ የደስታ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ፤ አጎቴማ "እንዲህ ትወጂኛለሽ ለካ!" ብሎ አቀፈኝ። እወደዋለሁ፤ ያለቀስኩት ግን ቢጫዋን ካርድ ስመልስ ነው። ደግነቱ የጎረቤት አልጋ ሕመምተኛ ልጅ በመቅረት ብዛት ከሥራ ልትባረር ሆኖ ካርዷን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እነሱ ሲወጡ ሌሎች ሰጡኝ። መዝገብዎን ቢያገላብጡ የስንት ሰው ምራት፣ የስንት ሰው እህት፣ የስንት ሰው የአክስት ልጅ እንደሆንኩ ይገርምዎታል። ዋርዱ ውስጥ ስሜ ተረስቶ "ዘመዴ" ሆኜ ቀርቻለሁ። ካርድ በማጣበት ጠዋት ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሜ፣ በአልጋ እየተገፋ የሚገባ ሰው ስጠብቅ ራሴን አገኘዋለሁ። ሰው እንዲታመም የምትመኝ የሕክምና ረዳት ሆኛለሁ፤ አፍራለሁ። አባቴ አንድ ቀን ፊቴን አይቶ፣ "ምነው፣ እኔ ልታመምልሽ እንዴ?" አለኝ። ሳቅን። ሳቃችን ግን አልቆየም፤ እሱ ወደ መርፌው፣ እኔ ወደ መሬቱ አቀረቀርን።

አራተኛ፦ ይህንን አባቴ "እሱን እንኳ ተይው፤ ነገ ተመልሰሽ የምትለምኚው ሰው ነው" ስላለኝ ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን ያስቀረሁት ተራው እንዳይዛባብዎ ነው።

አምስተኛ፦ የሙያ ፈቃዴ በዚህ ወር መጨረሻ ጊዜው ያልፍበታል። እንዲታደስ በሙያው ሥራ ላይ መሆኔን የሚያሳይ፣ ማኅተም ያለው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማቅረብ አለብኝ፤ ካልታደሰ ትምህርቱን እንደ አዲስ ሀ ብሎ መጀመር ነው። ለሚያድሰው ሠራተኛ ያለብኝን ሁሉ ዘርዝሬ ብለምነው አንጀቱን ሳልበላው አልቀረሁም። "እኔ ይዘቱ አያስጨንቀኝም፤ የዕድገት ይሁን የዕረፍት፣ የቅጣትም ቢሆን፣ ብቻ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጪልኝ" አለኝ። ሲስተር ደስ ብሏት ትጽፍልኝ ነበር፤ ማኅተሙ ግን እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። እጅ እግሬ የታሰረው እዚህ ላይ ነው። ካልተቀጠርኩ ፈቃዱ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰ ደግሞ ከእንግዲህ የሚቀጥረኝ የለም። አንዳንዴ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ትንፋሽ ያጥረኛል። ያኔ የራሴን የልብ ምት እቆጥርና ደህና ነሽ ብዬ ለራሴ ነግሬ እነሳለሁ።

ስድስተኛ፦ አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስኩ። ወላጅ እናትዎ ደረጃ አዳልጧቸው፣ ዳሌያቸው ተጎድቶ መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ሲተኙ፣ እህትዎ ስለ እኔ ከዋርዱ ሰምተው ካርዱን ለእኔ ሰጡኝ። ዝምድና በሚለው ቦታ ላይም "የልጅ ልጅ" አስብለው አስሞሉልኝ። እንግዲህ አባት ስላለኝ እርስዎ አጎቴ ነዎት ማለት ነው፤ ወደ ዘመድ በመምጣቴ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አንድ አመሻሽ ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ እኔ ከቤት በለበስኩት ቀሚስና ሹራብ ሆኜ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው ጎናቸውን እያዞርኩላቸው ነበር። ከአልጋው ግርጌ ቆመው "እንዴት ዋለች?" አሉኝ። እኔም እንደተማርኩት ግፊታቸውን፣ ሙቀታቸውን፣ የበሉትን፣ ሕመሙ መቼ መቼ እንደሚብስባቸው በተራ አስረዳሁ። ራስዎን ነቀነቁ፤ የረኩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ዩኒፎርምሽ የታለ?" አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁም፣ "ሁለተኛ እንዲህ ሆነሽ ባገኝሽ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው የምሰጥሽ!" ብለውኝ ወጡ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ቁጣ የለም። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ለሠራተኛ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ያንን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቤቴ በሩጫ ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ሰምቶ ሳይጨርስ ተነሣና ልብሱን ሊያወርድልኝ እጁን ወደ ምስማሩ ዘረጋ። ዘርግቶም ቆመ፤ የማኅተሙ ነገር ገባው። ዞር ብሎ "እንዳትለብሺው!" አለኝ። ያንን ልብስ ለብሼ ሊያየኝ እንደዚያ ሲጓጓ የኖረ ሰው፣ እንዳልለብሰው ተቆጣኝ። በማግስቱ በዚያው ሹራብ በቢሮዎ ደጃፍ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ግን ማንነቴን ሳይነግሩዎት አልቀሩም፤ ማስጠንቀቂያው ቀርቶ ማስታወቂያ መጣ። በዋርዱ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት አስታማሚ የሕክምና መሣሪያ መንካትም ሆነ ሕመምተኛ ማገላበጥ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን ይገልጻል። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ከእናትዎ አልጋ አጠገብ ቆምኩ። "ዘመዴ፣ ጎኔን" አሉኝ። ሲስተር ከወዲያኛው ጫፍ ቁስል እያሸገች ነበር፤ ሌላዋ ነርስ መድኃኒት ልታመጣ ወርዳለች። "ዘመዴ" አሉኝ ደግመው፤ ድምፃቸው ቀነሰ። እንደዚያን ጊዜ ሰው መሆን የከበደኝ ቀን የለም። እጆቼን ፈታሁና አዞርኳቸው።

ስለዚህ አሁን ጥፋቴ ሁለት ሆኗል፤ ያለ ዩኒፎርም ተገኝቻለሁ፤ የወጣ ማስታወቂያም ጥሻለሁ። በታላቅ አክብሮት የምለምንዎት፣ ወሩ ሳያልቅ የገቡልኝን ቃል ጠብቀው ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ፣ በማኅተም አስደግፈው እንዲሰጡኝ ነው። አጻጻፉን እንደ ወደዱ ያክብዱት፤ ሥርዓት የለሽ ይበሉኝ፣ ልበ ደንዳና ይበሉኝ፣ ከደመወዟ ይቆረጥ ቢሉም አልከፋም፤ ብቻ ከስሜ አጠገብ "የሕክምና ረዳት" የሚለው አይቅርብኝ። ዘመድ መቅጠር ክልክል ነው የሚሉኝ ከሆነም፣ ዘመድ መቅጣትን የሚከለክል ደንብ እንደሌለ ከሰሌዳዎ አረጋግጫለሁ።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ይልቁንም ለመሳቢያዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየደገምኩ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ጉልበቴን እንደ ሰበሰብኩ እጅ እነሳለሁ።

አልፎ አልፎ ታዛዥዎ፣ በመዝገብዎ የእህትዎ ልጅ፣
ሳትቀጠር ቅጣት የምትለምነው የሕክምና ረዳት

ግልባጭ፦
ለአባቴ፣
በዝምድናዬ ላመነኝ ዘበኛ፣
ለማስታወቂያ ሰሌዳው (ቁልፉ ሲገኝ)

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ከመላኬ በፊት ይህን ደብዳቤ ለእናትዎ አነበብኩላቸው። አልተቆጡም። መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ እርስዎ የመጀመሪያ ሥራዎን የያዙ ዕለት የሆነውን አጫወቱኝ። መዝገብ ቤት ገብተው፣ ፋይሎቹን በፊደል ተራ ደርድር ቢባሉ፣ እስኪመሽ ለፍተው ከወፍራም ወደ ቀጭን ደርድረዋቸው ነበር አሉ። እሳቸው ልጄ ዛሬውኑ ተባረረ ብለው ሲጨነቁ፣ አለቃዎ መደርደሪያውን አይተው ሳቁና "ግድ የለም፣ ይለምዳል" ብለው አለፉ። እናትዎ ይህን ተናግረው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "ታዲያ ለመደ?" አሉኝ። ክንዳቸውን ሳብ አድርጌ ግፊታቸውን ለካሁ።