የጅራቱ ላባ

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአየነው፤
ሀዋታ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዶሮውም ደህና ነው። አዎ፣ አልታረደም! ስልክህን ብታነሳ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ንጋት ላይ ሲጮኽ ጫማ ወርውረህበት፣ «ከእኔና ከዚህ ዶሮ አንዱን ምረጪ!» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? እኔም አፌ አያርፍ፣ «ዶሮውን!» አልኩህ። ሰው በዚህ ያኮርፋል? ጋቢህን ትከሻህ ላይ ጥለህ ለሰሊጥ አጨዳ እንደወጣህ ቀረህ። ሰሊጡ ታጭዶ ካለቀ ሰነበተ፤ አብረውህ የሄዱት ሁሉ ተመልሰዋል። አንተ እዚያ ምን ታጭዳለህ?

ታዲያ የፋሲካን ዶሮ ማን ይረድልኝ? እኔ ሴት ነኝ፣ ቢላ አላነሳ። የጎረቤታችን የሳፊያ ባል ደግ ሰው ነው፤ ግን ሙስሊም የባረከውን አልበላ። ቅዳሜ ዕለት ዶሮውን ታቅፌ በር ላይ ቆምኩ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «አሰላሙ ዐለይኩም» እያለኝ አለፈ። በመጨረሻ ባለ ረክሻው ሙኡዝ ባጃጁን እየነዳ መጣ፤ አንገቱ ላይ ማተብ አየሁ። እሰይ ብዬ ዶሮውንም ቢላውንም ሰጠሁት። ቢላውን ዶሮው አንገት ላይ ሊያሳርፍ ሲል «ቢስሚላህ» አይል መሰለህ! ዶሮውን መንጭቄ ወሰድኩ፤ የጅራቱ ላባ ሙኡዝ እጅ ላይ ቀረ።

«ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እዚሁ አድጌ ምላሴ ለምዶ ነው! በስመ አብ ብዬ ልድገመው?» አለኝ።

ምን ያደርጋል፣ ዶሮው ከእኔም አምልጦ የሳፊያ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ሳፊያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሁዳዴን ሙሉ ፉል ስበላ ከርሜ ፋሲካንም በፉል ዋልኩ።

ጅራቱ ሲመለጥ አፍሮ ዝም ይላል ብዬ ነበር፤ ይባስ ብሎት ገና ሳይነጋ ይጮኻል። እነቃለሁ፣ ጫማ የሚወረውር የለም። አየነው፣ ናፍቀኸኛል። ከዚህ ዶሮ ጅራት ላባ እየነቀልክ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ጆሮህን መኮርኮርህ እንኳ ናፍቆኛል።

ደብዳቤውን ነገ ወደዚያ የምትሄደው ሰሎሜ ታደርስልሃለች። ሙኡዝ እጅ ላይ ከቀረው ላባ ረጅሙን መርጬ ወረቀቱ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ጆሮህን ደህና አድርገህ ጥረግበትና ስማኝ፤ የመረጥኩት አንተን ነው።

ለዶሮው ገና አልነገርኩትም። ለዳግማይ ትንሣኤ መጥተህ ራስህ ንገረው፤ ቢላው ተስሏል።

የትንሣኤው ጌታ መንገድህን ያቅናልህ።

ከዶሮ ጋር የቀረችው ሚስትህ፣
ዙፋን