የታጠበው ከበሮ

ጌትዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ተዝካርህን አውጥተናል፤ ጥቁር ልብሴንም ከለወጥኩ ቆየሁ። አንተ መቼም መጀመሪያ "ቤቱ እንዴት ነው?" ማለትህ አይቀርም፤ ከእሱ ልጀምር።

እዚህ ጆርጂያ፣ ስቶን ማውንቴን ያለው ቤታችን ያው ነው። ልጃችን ሜሮን ለሥራዋ ይቀርበኛል ብላ ሚድታውን አፓርታማ ተከራይታ ወጣች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ትመጣለች። መኪናህን አሁን እኔ ነኝ የምነዳው። ሃይዌይ ላይ ግን ዛሬም ከቀኙ መስመር አልወጣም፤ አትሳቅ።

ማንበቤንም አልተውኩም። ፊደልን ብቻዬን ከጸሎት መጽሐፍ ላይ እንደለየሁት ታውቃለህ፤ እንግሊዝኛውንም ከቤተ መጻሕፍቱ የልጆች መደርደሪያ ጀምሬ ነው የለመድኩት። ዘንድሮ የማነበው ስለ ከበሮ ነው። አዎ፣ እኔ! ነገሩ የመጣው ሜሮን "ማሚ፣ ቤዝመንቱን ክሊን እናድርገው፤ የዳዲን ከበሮዎች ደግሞ ዶኔት እናድርጋቸው" ስትለኝ ነው። ከመስጠቴ በፊት የምሰጠው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ዓመታት ከእጅህ ያልተለየውን ዕቃ ስሙን እንኳ አስተካክዬ አልጠራውም ነበር። ምሪዳንጋም። ይኸው፣ አሁን እጽፈዋለሁ።

ወደ ቤታችን የገባበትን ቀን አስታውሳለሁ። አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ በታክሲህ ከኤርፖርት ጭነህ ሮዝዌል አድርሰህ መጣህና ጫማህን ሳታወልቅ "ስሚማ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ ከበሮ አላቸው። እንደኛው ሁለት ፊት ነው፤ ባንዱ ወፍራም፣ ባንዱ ቀጭን። ግን በጣት፣ በጣት ነው የሚጫወቱት!" አልከኝ። አርባ ስምንት ዓመትህ ነበር። "በዚህ ዕድሜህ?" ብልህ "ጣቴ አልሸበተም" አልክ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እኚሁ ሽማግሌ፣ ጋሽ ቬንካት ዘንድ ለትምህርት መሄድ ሆነ። መሪ ይዘህ እንኳ አፍህ "ታ ኪ ታ፣ ታ ካ ዲ ሚ" ይል ነበር። መዝሙር ላይ ከበሮ የሚመታው ሰውዬ ሌላ ነገር ጀመረ እንዳይሉህ እኔ እሳቀቅ ነበር። አንተ ደግሞ ብሶብህ ሳክስፎን የሚነፋውን ዳሪልን አገኘህና የእኛን ምት ከእነሱ፣ የእነሱን ከጃዝ ማደባለቅ ጀመርክ።

ያኔ ጫጫታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልጠይቅህ የምፈልገው ብዛቱ! የእኛው በስድስት እየሄደ፣ የእነሱ በአምስት እየሄደ እንዴት ነው ሳትወድቅ የምትቀጥለው? ባለፈው ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ በአንድ እጄ አምስት፣ በሌላው ስድስት እየቆጠርኩ ጠረጴዛውን መታሁ። አራት ጊዜ ጠፋብኝ። በአምስተኛው ሁለቱም እጆቼ ሠላሳ ላይ እኩል ወደቁ። ብቻዬን ጮህኩ። አንተ ይህንን ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ሲመሰቃቀል የሚገናኙበትን ቦታ እያወቅክ ነበር የምትሄደው።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳነብ ነው ስለ ጥቁሩ ክብ የተጻፈው ላይ የደረስኩት።

በከበሮው በቀኝ ፊት መሀል ያለው ጥቁር ክብ ከድንጋይ ዱቄትና ከተቀቀለ ሩዝ የሚሠራ ነው ይላል። ሠሪው በስሱ ይቀባዋል፣ በለስላሳ ድንጋይ እያሸ ያደርቀዋል፣ እንደገና ይቀባዋል፤ ቀናት ይፈጅበታል። ጥርት ያለው ድምፅ የሚወጣው ከእሱ ነው። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ጌትዬ፣ እሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ሁዳዴ ሲገባ በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ስለማይመታ አንተም የሕንዱን ከበሮ አብረህ ታሳርፈው ነበር። ጋሽ ቬንካት ቢስቁብህም እስከ ፋሲካ አትነካውም። የዚያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሚድታውን ከእነዳሪል ጋር የመጀመሪያ ኮንሰርትህ ነበር፤ ሊቀረጽም ነበር። እኔ በሕማማት ቤቱን ሳጸዳ ቤዝመንት ወረድኩ። በግራው ፊት ላይ የምትለጥፈውን የዱቄት ሊጥ ከተጫወትክ በኋላ ስትፍቀው አይቻለሁ። የቀኙን ረስተኸው ደርቆ የጠቆረ መሰለኝ። ላስደስትህ ብዬ በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት። ጥቁር ውኃ ሲወርድ "እንዴት ቢቆሽሽ ነው!" እያልኩ በረታሁ።

በፋሲካ ማግስት ከፍተህ አየኸው። "ምን ነካው?" ብለህ ቀና አልክ። ፊትህን ሳየው ደነገጥኩና "እኔ ምን አውቃለሁ፣ የቤዝመንቱ እርጥበት ይሆናል" አልኩህ። አንተም "ሁለት ወር ሙሉ ስላልከፈትኩት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልክ። የጋሽ ቬንካትን ከበሮ ብትዋስ ድምፁ ከሳክስፎኑ ጋር አልስማማ አለ። ኮንሰርቱን ከእኔ ጋር ተቀምጠህ አየኸው። ቅጂው ላይ የለህም። ከዚያ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ገዛህ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ውኃውን ስትደፋ እኔ ፊቴን አዞር ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከበሮውን መኪና ውስጥ በቀበቶ አስሬ ሮዝዌል ሄድኩ። ለአንተ ያልነገርኩትን ለመምህርህ ልንገር ብዬ ነው። ጋሽ ቬንካት አርጅተዋል፤ ወለል ላይ ሲቀመጡ ግን ከእኔ ይፈጥናሉ። ነገርኳቸው። ተነሥተው ከጋራዣቸው የቆዳ ፊት አመጡ፤ ያ እኔ ያጠብኩት ነበር። ፊቱን እዚያው እሳቸው ዘንድ ለውጠህ አሮጌውን ትተኸው ኖሯል። ለተማሪ ማሳያ አድርገውታል።

"እርጥበት ቢሆን ይላላል እንጂ እንዲህ አይጫርም" አሉና የሽቦውን ጭረት በጣታቸው አሳዩኝ። "ባልሽም ፊቱን ያስለወጠ ቀን አይቶታል። ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? 'በእኛ ቤት ለፋሲካ የማይታጠብ የለም፤ እኔም የዳንኩት ለጥቂት ነው' አለኝ።"

ታውቅ ነበር!

መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ከዚያ ጠየቅኳቸው፤ ማሽኑን የገዛኸው ይህን ከማየትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አያስታውሱም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ የማስበው የለም። በፊት ከሆነ፣ አንዴ ከገዛኸው በኋላ ውኃውን መድፋት ብትተው እንደነቃህብኝ ስለማውቅ ቀጠልክ ማለት ነው። በኋላ ከሆነስ? ውሸቴን ልትጠብቅልኝ ነው የገዛኸው? ወይስ አንድ ማለዳ "ተወው፣ እኔ ነኝ" እስክልህ ትጠብቅ ነበር? አውጥቼ አውርጄ እንኳ አልጠገብኩትም፤ ሠላሳ ዓመት ያወቅኩት ሰው ገና አዲስ ሆነብኝ።

እንዲህ እንዳለን ዳሪል፣ እሱም አሁን የጋሽ ቬንካት ተማሪ ሆኖ፣ ለትምህርት ገባ። ቆዳውን አየና "ኦ፣ ይሄ የጌታቸው አይደል? እርጥበት የበላው" አለ። ጋሽ ቬንካት ወደ እኔ ተመለከቱና ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ከበሮ መቃኘት ጀመሩ። መልሱን ለእኔ ተዉልኝ። ዝም ብል ሌላ ማንም አያውቅም ነበር፤ ዝም በማለት ደግሞ የሚያህለኝ የለም።

"እኔ ነኝ ያጠብኩት" አልኩ፣ በዚያው በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ። "በሽቦ። ለጌታቸውም ዋሸሁት።"

ዳሪል "ይህን ሁሉ ዓመት የጆርጂያን አየር ስንሰድብ ኖርን እኮ!" ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ዐይኑን ጠረገና የማላውቀውን ነገረኝ። ያን ቀን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ድርሻህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጉልበትህ ላይ ተጫውተኸዋል። እሱም ሲጠፋበት ዐይኑን ወደ ጣቶችህ እየጣለ ነው የነፋው።

እኔ አጠገብህ ነበርኩ፣ ጌትዬ። ክንዳችን ይነካካ ነበር። ጥፋቴ አሳፍሮኝ ወለሉን ሳይ አመለጠኝ።

ከበሮዎቹ የትም አይሄዱም፤ ለሜሮን ነግሬያታለሁ፣ ምክንያቱንም ጭምር። ከእንግዲህ ስላንተ ለጠየቀኝ ሁሉ መልካሙን ብቻ መርጬ አላወራም፤ የእኔንም እጨምርበታለሁ። የማስብህ ከነጥፋቴ ነው፤ ቀና ብዬ።

ያንተው አልማዝ