ገላኔ ባለቤቴን እንዳትነካ ለከለከሉት የተከበሩ ኃላፊ

ለቤት ለቤት ተንከባካቢዎች ሥልጠናና ብቃት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ በተለይም የእርስዎ ወገብ፣ ደህና ሰንብታችሁ እንደሆነ እየጠየቅሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወገብን ለይቼ መጠየቄ እንዳይገርምዎ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በጎባ ከተማ ስለ ወገብ ከእኔ በላይ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሰፋሽ ክብሩ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ አቶ መሸሻ በደሎ መና መንገድ ሃያ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምትንከባከባቸው ገላኔ ቶላ የምትባል የሃረና ልጅ ናት። ይህን ያህል ካስተዋወቅሁ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ባለቤቴን ከገላኔ ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። ይህች አደገኛ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ሰውነታቸውን ስታጥብ፣ አጥሚት በማንኪያ ስታጠጣ፣ በየሁለት ሰዓቱ ስታገላብጣቸው፣ ጀርባቸው ላይ አንዲት ቁስል እንኳ ሳይወጣ መቅረቱን ሳስብ እደነግጣለሁ። ተቆጣጣሪዎ አቶ ወዚር መጥተው፣ አልጋውን አይተው፣ እንዲህ ንጹሕ ታማሚ አላየሁም ብለው ካደነቁ በኋላ፣ የብቃት ወረቀት ስለሌላት ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዳትነካቸው፣ ብትነካ ግን እስከ መጨረሻው ከሥራው እንደምትታገድ ጽፈው ሰጡን። ዛሬ ከወገባቸው በታች የመዳፌን ያህል ቁስል አለ።

2ኛ. እንግዲያው ሥልጠናው ውስጥ ትግባ ስንል አሥረኛ ክፍል ስላልጨረሰች አይቻልም መባላችን ተገቢ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው አንሶላ ቢያነጥፍ ምን ሊከተል እንደሚችል ማን ያውቃል። የማታ ትምህርት እንድትቀጥል የተሰጣት ምክርም ግሩም ነው፤ አራት ዓመት ብቻ ስለሆነ እንዲጠብቋት ለባለቤቴ ነግሬያቸዋለሁ።

3ኛ. ማሠልጠኛው ለተግባር ፈተና የሚሆን የሰው አምሳያ አሻንጉሊት እንደሌለው፣ ስለዚህም አቶ መሸሻን ለአንድ ቀን እንዳውሳችሁ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ኢብቲሳም ደውላ ጠየቀችኝ። ባል ማዋስ በአገራችን የተለመደ ባይሆንም እሺ አልኩ፤ አይታችሁ ትራራላችሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የለመዱት ሰው ካልነካቸው ሰውነታቸው ድርቅ ስለሚል፣ ለዚያች ቀን ብቻ ገላኔ እንድትነካቸው ተፈቀደላት። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ሮቤ ወሰድናቸው። ጠዋት ለአሥራ ስምንት ሠልጣኞች ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ትከሻ በየት በኩል እንደሚያዝ አሳየቻቸው። ከሰዓት በኋላ እነሱ እሷ ባሳየቻቸው ሲፈተኑ፣ እሷ ወረቀት የሌላት በመሆኗ ከአጥር ውጭ ቆማ ጠበቀች። ሁሉም አለፉ፤ እንኳን ደስ አላቸው።

4ኛ. ብቁ ሰው ስጡኝ እያልኩ በሚኒባስ ስመላለስ ከርሜ የአሥራ ስምንቱ ስም ዝርዝር ማኅተም ተመቶበት ተሰጠኝ። አንድ በአንድ ደወልኩ። ሁሉም የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ወረቀቱን የፈለጉት ለደረጃ ዕድገት ነው። አንዷማ አዘነችልኝና ያቺን ጎበዝ ልጅ ለምን አይጠሯትም አለችኝ።

አሁን እንዴት እንደምንኖር ልንገርዎ። ገላኔ በየቀኑ ትመጣለች፤ ትእዛዝዎን አክብራ ደፍ ላይ ትቀመጥና በአፏ ትመራኛለች። እትዬ፣ መጀመሪያ ጉልበታቸውን፣ አሁን ዳሌያቸውን ትለኛለች፤ ለእሳቸው ደግሞ በኦሮምኛ ጀባዻ፣ አይዞዎት ትላቸዋለች። እኔ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ፤ እስከ ግማሽ ድረስ አነሣቸውና ከእጄ ያመልጣሉ። ትናንት ሲያመልጡኝ ቁስላቸው አንሶላው ላይ ተላጠ፤ ድምፅ ስለሌላቸው እንባቸው ብቻ ወረደ። ገላኔ እንዳትነካቸው እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ታለቅስ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ መቀለድ አልቻልኩም። ሥልጠና አይኑር አላልኩም፤ እኔም አስተማሪ ነበርኩ። ሰው እየሞተብኝ ነው። ገላኔ ተምራ እስክትጨርስ እንድትነካቸው የምትፈቅድ አንዲት መስመር ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም የሚያገላብጥ ሰው የማያሻው እርጅና እየተመኘሁ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ መልሼ ቀና ለማለት ግን ወገቤን ማስፈቀድ ይኖርብኛል።

አሰፋሽ ክብሩ
ከጎባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ያስሞላኝን የልዩ ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ውሳኔው ከአምስት ወር በኋላ እንደሚደርስ ስለተነገረኝ የታማሚውን ስም በእርሳስ ጽፌዋለሁ። ያን ጊዜ ወይዘሪት ኢብቲሳም በስርዝ ድልዝ እንዳትቸገር ነው፤ ላጲስ ይበቃታል።