በግራ የዞረው ስፌት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም እማ። ይህ ወረቀት በጤናሽ ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የክረምት ሳል ዘንድሮም ጀመረሽ? አባዬስ ክኒኑን ይውጣል ወይስ አሁንም ትራስ ሥር ይደብቃል? አረፋን እንዴት ዋላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ቤሪያ የተከራየነው ፎቅ መስኮቱ አይገጥምምና ልጆቹ ካልሲ ደርበው ይተኛሉ። ስለ ዓይንሽ ያልጠየቅኩት ረስቼው አይደለም፤ እመጣበታለሁ።

ይህን በስልክ ላወራሽ አልፈለግኩም። በስልክ ሲሆን «ተይው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው» እያልሽ ወሬ ታስቀይሪኛለሽ። ጎረቤታችን ሙሰብ ማክሰኞ ወደ አገር ስለሚገባ በእጁ ሰድጄልሻለሁ።

ዲፕስሉት ሰፈር የነበረው ሱቃችን ተዘርፎ ከተዘጋ ወዲህ ባሌ ሱፊያን ጀፕ ገበያ ለሰው ተቀጥሮ ዕቃ እንደሚያወጣና እንደሚያወርድ ታውቂያለሽ። ቤቱን የያዘው ሙዳይ የምሸጥበት የእኔ ጠረጴዛ ነው ብል አላጋነንኩም። የእጅ ሥራ ገበያው ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ አሮጌ አዳራሽ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ያቋቋሙት የአገሬው ሴቶች ናቸው፤ ጨሌ የሚሰኩ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ምንጣፍ የሚጎነጉኑ። ነጋዴዎች ጨሌያቸውን በማሽን አስመስለው እያሠሩ ገበያውን ሲያጥለቀልቁባቸው፣ በእጁ ያልሠራ እዚህ አይሸጥም ብለው ተማማሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሠራው ሰው ስም ያለበት ካርቶን ይንጠለጠላል። የጠረጠሩትን ሰው ተቀመጥና ሥራ፣ እንይህ ይሉታል። እኔን ባዕዷን ያስገቡኝ ከአንቺ የመጡትን ሙዳዮች አይተው ነው። ሊቀመንበሯን ጎጎ ኖምቩላ ይሏታል፤ ጎጎ እዚህ አያት ማለት ነው። የማን እጅ ነው ስትለኝ የእኔ አልኳት። ባለፈው በላክሽልኝ በአሥራ አራቱም ላይ ዛሂራ ብዬ ጻፍኩ።

ለምን ዋሸሽ እንዳትዪኝ፣ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የሰርጌ ለት ሙዳዩንና ሰፌዱን ግድግዳ ላይ ደርድረሽ ለአማቶቼ «የልጄ እጅ ነው» ስትዪ እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ነበር። እኛ ጋ እናት ሁሉ እንዲህ ትላለች፤ እንደ ውሸት የሚቆጥረውም የለም። ወስፌ ከጨበጥኩ ከስንደዶው ይልቅ ጣቴን የምወጋ መሆኔን አንቺ አሳምረሽ ታውቂያለሽ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጨሌ ሠሪ ተነስታ፣ ሐበሾቹ ከጅምላ ሱቅ እያመጡ ነው የሚያታልሉን ብላ ከሰሰችኝ። ጎጎ ኖምቩላም በሰው ሁሉ ፊት፣ ቅዳሜ ሣርሽንና ወስፌሽን ይዘሽ ነይ፣ እዚሁ ተቀምጠሽ ትሰፊያለሽ አለችኝ። ካልቻልኩ የሚሄደው የእኔ ጠረጴዛ ብቻ አይደለም፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውን ሐበሻም አያስገቡትም። ሱፊያን እጄን አሞኛል በያቸው አለኝ። እንዲያውም እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ሞክሬው ነበር፣ አላዋቂነቴ አሳፈረኝና ፈታሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹን ትምህርት ቤት እየሸኘሁ ስፌት ልማር ተቀመጥኩ። አስተማሪ ስላልነበረኝ አንዱን ሙዳይ በመቀስ ዙር በዙር ፈታሁት። ለማመሳከሪያ የሰርጌን ሙዳይ አጠገቡ አስቀመጥኩ። የሰርጌው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የፈታሁት ወደ ግራ። ተነስቼ የቀሩትን አሥራ ሦስቱን ገለባበጥኳቸው፣ ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚዞሩት። እማ፣ እኛ ቤት ግራኝ እህቴ ራኒያ ብቻ ናት።

ያኔ ሌላውም ተገጣጠመልኝ። የትንሹ ልጄ የፊት ጥርሱ ወልቆ ፎቶውን ስልክልሽ «እንዴት አምሮበታል» ብለሽ የጥርሱን ነገር አለማንሳትሽ። ድሮ በራስሽ እጅ ትጽፊልኝ የነበረው ወረቀት መቅረቱ። ዓይንሽ ከደከመ ስንት ጊዜው ነው? ከእኔ ተደብቆ ምን ሊረባሽ ነው? ተናድጄብሻለሁ፣ ልዋሽሽ አልችልም። አልቅሻለሁም።

ትናንት ሄድኩ። ወስፌውን ይዤ ነበር፣ ግን አልተቀመጥኩም። ሳውቦና ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸውና፣ የሠራችው እህቴ ናት፣ ያስተማረቻት እናቴ ናት፣ እኔ መሸጥ ብቻ ነው የማውቀው አልኳቸው። ጎጎ ኖምቩላ ስሜን ከአሥራ ሦስቱም ላይ አንድ በአንድ ቀደደችውና ጠረጴዛዬን በጨርቅ ሸፈነችው። ማሽን ያላቸው የእኛን ስም ይወስዳሉ፣ አንቺ የእህትሽን ወሰድሽ፣ ከእነሱ በምን ትለያለሽ አለችኝ።

ሦስት ቅዳሜ ሰጥታኛለች። ሰኔ 28 በእናንተ ሰዓት ከረፋዱ አምስት ላይ በስልክ ቪዲዮ ይደውላሉ፤ ራኒያ ስትሰፋ በዓይናቸው ካዩ ሙዳዮቹ በእሷ ስም ይሸጣሉ። ካላዩ ጠረጴዛው ለሌላ ይሰጣል፣ እኛም የቤት ኪራዩን በምን እንደምንገፋው አላውቅም። ስለዚህ ራኒያን ደጅ ብርሃን ላይ አስቀምጫት። ጎረቤት አይቶ ስፌቱ የእናትየዋ አልነበረም እንዴ እንዳይልሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ይበል። አንቺም አጠገቧ ተቀመጪ። ከዚያ በፊት ግን ሐኪም ይይሽ፤ የዓይን ሞራ ከሆነ ይገፈፋል ይላሉ።

አባዬን ጉልበቱን ስመሽ ሰላም በይልኝ፤ ክኒኑንም ከትራሱ ሥር ፈልጊለት። ወንድሜ አብዱልጀባርን ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሰላም በይልኝ። ሱፊያንና ልጆቹ እጅ ይነሱሻል።

ራኒያ፣ ይህን ጮክ ብለሽ የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ ገብቶኛል። ስለ ዓይኗ የጻፍኩትን ዘለሽው ከሆነ ተመልሰሽ አንብቢላት። ሙዳዮቹ ላይ የሠሪው ስም እንደሚጻፍ ስላላወቅሽ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም፤ እኔም የማን እጅ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

ልጅሽ ዛሂራ
ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ
እሑድ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.