ቅጠሉን ያላየሁ ዕለት

ቦራ ቦራ ደሴት፣ አናኡ
ሐሙስ፣ ጁን 13 ቀን 2019

ለውድ ልጄ ለቫይሚቲ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ቱሉዝ መሞቅ ጀመረ ወይስ አሁንም ሹራብ ደርበሽ ነው የምትወጪው? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ደኅና አይደለሁም፣ ደክሞኛል። የፊደሉ መተለቅ አያስደንግጥሽ። ቴቫ በዋና ጃኬቶቹ ላይ ቁጥር የሚጽፍበትን ወፍራም ጥቁር ማርከር ነው የያዝኩት። በአንድ መስመር ከአምስት ቃል በላይ አይገባልኝምና ወረቀቱ ቢበዛ ታገሽኝ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ስደውል አላነሳሽም። ፎቶ ላክሽልኝ፣ ከሥሩ «አባዬ፣ እይ» ብለሽ ጻፍሽ፣ እኔም መለስኩልሽ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅሽ ጠፋ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትቆጣ ዕቃ ታንኳኳ ነበር። በድስቱ ድምፅ የቁጣዋን ልክ አውቀው ነበር። አንቺ ግን ዝም ነው የምትዪው። ምን አጠፋሁ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። አሁን አውቄዋለሁ። ያወቅሁበት መንገድ ግን ጠማማ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ በመሃል ወረቀቱን እንዳትጥዪው።

ከገና ወዲህ ዓይኔ ጭስ እንደገባበት ሆኗል። መጀመሪያ የፀሐዩና የጨው ነው ብዬ ናቅሁት። እየቆየ ሰማያዊውና አረንጓዴው ተቀላቀለብኝ፣ ቢጫው ነጭ መሰለ። ለማንም አልተናገርኩም። ቴቫ ቢሰማ እንግዳ የማዞርበትን የጄት ስኪ፣ የዚያን የውኃ ላይ ሞተር፣ ቁልፍ በዚያው ቀን ይቀበለኛል፤ እንደ አለቃ ሊፈረድበትም አይችልም። አንቺ ብትሰሚ ደግሞ ትምህርትሽን ጥለሽ ትመጫለሽ። አንድ ዓመት የቀራትን ልጅ ከመንገድ አላስቀርም ብዬ ዝም አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የዞርኩበት ባሕር ነውና በልምድ እመራዋለሁ አልኩ። ተራራው በየትኛው ትከሻዬ በኩል እንዳለ ካወቅሁ፣ ሞገዱ ወንበሬን ከየት እንደሚገፋው ከተሰማኝ፣ ይበቃኛል አልኩ። ለአምስት ወርም በቅቶኝ ነበር።

የሜይ መጨረሻ ዐርብ ጠዋት አራት እንግዶች መጡልኝ። ሁለቱ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ማን ይነዳል በሚል ገና ከምድር ሳይለቁ ተኳረፉ። ሁለቱ ደግሞ ከሊዮን የመጡ ጡረተኞች ናቸው። ሰውየው ዠራር ይባላል፣ ሚስቱ ማዳም ኦዲል።

«ከባልዎ ኋላ ይቀመጣሉ?» አልኳት።

«አርባ አራት ዓመት መኪና ሲነዳ አይቼዋለሁ» አለች። «እሱ ይበቃኛል። ከእርስዎ ኋላ ነው የምቀመጠው።»

«እኔን መቼ አዩኝና ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው» አለች።

የተለመደውን ንግግሬን አደረግሁ። እጄን ወደ ላይ ካነሳሁ ቁሙ፤ ወደ ታች ካወዛወዝኩ ቀስ በሉ፤ በመስመር ተከተሉኝ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ። ጥቁር ሰማያዊ ውኃ ጥልቅ ነው፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ጥልቀት የለውም፣ ቡናማ ካያችሁ ከሥሩ ኮራል ድንጋይ አለ። ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ተናግሬዋለሁ። ያን ዕለት ስናገር ግን የሚያውቀው አፌ ብቻ ነበር። «መሪያችን ካልጠፋን አንጠፋም» ብሎ ዠራር ቀለደ፤ ሳቅሁለት።

ደሴቱን በግራ ይዘን ዞርን። ማንታዎቹ፣ እነዚያ ክንፋም ዓሦች፣ የሚያልፉበት ቦታ ቆምን፣ እንግዶቹ ሲጮኹ ሰማሁና አብሬ «ያውና!» አልኩ። በትንሿ ደሴት ላይ ኮኮናት ሰብሬ አበላኋቸው፣ ሁልጊዜ የምቀልዳትን ቀልድ ቀለድኩ፣ ሁልጊዜ የሚስቁትን ሳቁ። ማዳም ኦዲል ብቻ አልሳቀችም፤ ወደ እጄ ነበር የምታየው።

«ቢላዋውን በዳሰሳ ነው የሚያነሱት» አለችኝ።

«ለምጄ ነው ማዳም።»

«ባሌም እንደዚያ ይለኝ ነበር» አለች፤ ወደ ዠራር እንኳ አልዞረችም። እኔም ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቅኋትም።

አሁን ስለ ራሁዪው ልንገርሽ፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የተጣለው። ከሰፈራችን ፊት ያለው ባሕር ተራቁቶ ነበር። ዓሣው እንዲራባ ሁለት ዓመት ይረፍ፣ መረብም ሞተርም እንዳይገባበት ብለን ተስማማን። ወሰኑ በእንጨት ይተከላል፣ እንጨቱ ላይ የዘንባባ ቅጠል ይታሰራል። ያ ዐርብ ከመድረሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ተሰብስበን ወሰኑን ወደ ደቡብ ሁለት መቶ እርምጃ ገፋነው። እጄን አውጥቼ የደገፍኩት እኔው ነኝ። ቅጠሉም የተቆረጠው ከጓሯችን ነው። ዛፉ ላይ አጎትሽ ፑኑአ ወጣ፣ እኔ ከሥር ተቀበልኩ። ስለዚህ አላወቅሁም የምልበት አፍ የለኝም። ቅጠሉን ሳይ እታጠፋለሁ ብዬ ነበር የምሄደው።

በመልሱ መንገድ ላይ ማዳም ኦዲል ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ያ እንጨት ላይ ያሰሩት ቅጠል ለምንድን ነው?»

«የቱ?»

«አሁን ያለፍነው።»

ልጄ፣ ወሰኑን ማለፌን ያን ጊዜ አወቅሁ። እጄን አንስቼ ሁሉንም አቁሜ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ይቅርታ ተሳስቻለሁ ብዬ በቀስታ ልመልሳቸው እችል ነበር። አላደረግሁትም። ማቆም ማለት አላየሁም ማለት ነው። «ለጌጥ ነው» አልኳትና ነዳሁ። ሦስት ጄት ስኪ በተርታ፣ የሰፈሩ ሰው ሁለት ዓመት ሆዱን አስሮ የሚጠብቀውን ባሕር ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቀን አለፍን። ባሕሩ ዳር ከዛፉ ጥላ ሥር ፑኑአ መረብ ይጠግን ነበር፣ አክስትሽ ማሬቫም አብራው ነበረች። እነሱን አላየኋቸውም። እነሱ ግን አዩኝ።

ስንመለስ ለእንግዶቹ እንደ ወጉ የዛጎል ሐብል አጠለቅሁላቸው። ማዳም ኦዲል እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

«ቅድም ባሌ ያልኩዎት የሞተ የፊተኛ ባል እንዳይመስልዎ። ይኸው እዚህ የቆመው ነው። ሁለት ዓመት ደብቆኝ መኪናውን ከአጥር ጋር አጋጭቶ ነው የታወቀው። በአንድ ጠዋት አከሙት።»

«ስለ ምኑ ነው የሚያወሩት ማዳም?» አልኩ።

«ስለ ምንም» አለች፤ ሄደች።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ተጠራሁ። ራሁዪ የጣሰ ሰው ቆሞ ምክንያቱን ይናገራል፤ ቅጣቱ ይኸው ነው፣ የሰው ዓይን። ዓይናቸውን ባላየውም ይከብደኝ ነበር።

«ቲሆኒ፣ ለምን አደረግኸው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ቸኮልኩ» አልኩ።

«ለማን ቸኮልክ?»

«እንግዶቹ የአውሮፕላን ሰዓት ነበረባቸው።»

አንዷ ከኋላ «የፈረንጅ ሰዓት ከልጆቻችን ሆድ በለጠበት» አለች። ሌላዋ «ተዪው፣ ድሮም ባሕሩ የአባቱ ርስት ይመስለዋል» አለች። ማሬቫ የገዛ እህቴ ስትሆን አጠገቤ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። የሚገርምሽ፣ እፍረቱ እንደዚያ ሲያቃጥለኝ ውስጤ የሚለው «ተመስገን፣ አላወቁብኝም» ነበር። ሰው ለካ እንዲህም ይሆናል።

ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ፣ ከሥራ ስመለስ ፑኑአ መረቡን ተሸክሞ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ያን ቢጫ ክር አቀብለኝ» አለኝ።

አቀበልኩት። ክሩን አገላብጦ አየው።

«ይኼ ነጭ ነው» አለ።

«አልሰማሁህም፣ ነጭ ያልከኝ መሰለኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ከምኑ?»

«ቲሆኒ፣ እህቴን ድሬልሃለሁ፤ ቀብሬልሃለሁም። አትዋሸኝ። ያን ዕለት ከባሕሩ ዳር ሆኜ እጄን አወዛውዝልህ ነበር። ሰው እያየ ቢጥስ ኖሮ አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል። አንተ ፊት ለፊቴ እያየህ ነው ያለፍከው፣ ፈገግ ብለህ።»

ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

«እና ዕውር ከምትባል ሕግ አፍራሽ መባል ተሻለህ?» አለኝ።

«ዕውር የሆነ መሪ ማን ይከተላል?»

«እኛ መቼ መሪ አልንህ? አማች ነው ያልንህ» አለና መረቡን ወደ ጎን ገፋው። «ቫይሚቲ ታውቃለች?»

«አኩርፋኛለች። ፎቶ ልካልኝ ነበር፣ እሱን ከመለስኩላት ወዲህ ስልክ አታነሳም።»

«አምጣው እስቲ።»

ስልኩን ሰጠሁት። ልጄ፣ እኔ ያን ፎቶ ያየሁት ጥቁርና ግራጫ ሆኖ ነበር። ሌላ ጊዜ የምትልኪያቸውን ሁሉ «ቆንጆ ነው» እያልኩ ነው የማልፋቸው። አንድ ጊዜ የላክሽልኝን ሾርባ አበባ ብዬሽ ስትስቂብኝ ቀልድ አስመስዬ አመለጥኩ። ይኼን ግን የጨለማ ፎቶ ነው፣ ሳታውቂው ተጭነሽው ነው ብዬ ነበር።

ፑኑአ ስልኩን አስጠግቶም አርቆም አየው።

«ምን ብለህ መለስክላት?»

«'እኔ ምንም የሚታየኝ ነገር የለም። ይልቅ ትምህርትሽን ተማሪ' ነው ያልኳት።»

«ቲሆኒ፣ ተቀመጥ» አለኝ።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«ሐኪም ቤት የሚያነሱት ነው፤ የሆድ ውስጥ ልጅ ፎቶ። ራሱ ይኸው፣ እጁ ይኸው።» ስልኩን በሸሚዙ ጠረገው። «አፍንጫው የእህቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያወራነውን አላስታውስም። የማስታውሰው ያልኩሽን ቃል ብቻ ነው። አንቺ ቱሉዝ ላይ ብቻሽን ተቀምጠሽ፣ አባቴ ምን ይለኝ ይሆን እያልሽ ልብሽ እየመታ ስትጠብቂ፣ የመጣልሽ መልስ ይኼ ነው። ልጄን ካደብኝ ብትዪ እውነትሽን ነው። እኔ ግን አልካድኩም፤ አላየሁም ነበር። ደብዳቤ የጻፍኩልሽም ስልክ ስለማታነሺ ነው፤ ብታነሺም ደግሞ ይህን በአፌ አስተካክዬ መናገር አልችልም።

ትናንት ቁልፉን ለቴቫ መለስኩለት። አልተቆጣም፤ «ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበር» ብሎ ሲያበቃ እስኪሻልህ ድረስ ጃኬቶቹን ታጥባለህ አለኝ። ጁላይ ሁለት ፓፔኤቴ ከተማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ መጀመሪያ የቀኝ ዓይኔን ነው የሚነኩት። እናትሽ የገባችበትን ሐኪም ቤት በር እንደገና ማለፍ ያስፈራኛል፣ አልዋሽሽም። ፑኑአ አብሮኝ ይሄዳል። የፊታችን እሑድ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ እንደገና ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ። ከመቸኮል ይልቅ አለማየት የሚያሳፍር መስሎኝ ነበር፤ ከሁለቱም የሚያሳፍረው «ለጌጥ ነው» ማለቴ ነው።

ነይ አልልሽም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አንቺም አሁን ብቻሽን አይደለሽም፣ ትምህርቱም አንድ ዓመት ነው የቀረው። ብቻ መኝታ ቤትሽን ቀለም ቀብተነዋል፤ ፑኑአ ቢጫ ነው ይላል፣ አምኜዋለሁ። የእናትሽንም አልጋ አውጥተን ፀሐይ አስመትተነዋል። እንዲሁ ነው፣ ቤቱ ሻግቶ እንዳይቆይ ብለን ነው።

የልጁን አባት ማንነት አልጠይቅሽም፤ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። ደግ ከሆነ ሰላም በይልኝ። ካልሆነም ከእኛ ወገን ሰው አልጠፋም። የአባቶችሽ አምላክ ከክፉ ይጋርድሽ፣ እግርሽን ከመሰናክል ይጠብቅልሽ፣ በሰላም ይገላግልሽ፤ የሆድሽን ፍሬ ባርኮ ይስጥሽ።

ያጠፋሁብሽን ይቅር በይኝ።

አባትሽ ቲሆኒ

መልስ ስትጽፊልኝ ፊደሉን እንደኔ አተልቂው። ፎቶውን ማሬቫ አሳትማ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች፤ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየው፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ትናንትም ዛሬም ጠዋት ፑኑአን የልጁ ራስ የቱ ጋ ነው፣ እጁስ እያልኩ ጠየቅሁት፤ ጣቴን ይዞ አሳየኝ። ደብዳቤሽን ግን እሱ እንዲያነብልኝ አልፈልግም። መሃል ላይ ያለቅስና ያቋርጥብኛል።